ቦርዴን ማጥለልና በጠርሙስ ማሸግ፦ ከወንፊቱ በኋላ እሳት የለም

በወላይታ ዞን ቦርዴ ጥማትን ብቻ ሳይሆን ረሃብንም የሚያስታግስ መጠጥ ነው። ማለዳ ወደ እርሻ የሚወጣ ገበሬ፣ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ገበያ የሚመጣ ነጋዴና በቀን ሥራ የሚተዳደር ወጣት አንድ ቅል ቦርዴ ጠጥተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መጠጡ ለብዙ ጠማቂ ሴቶች የዕለት ገቢ ምንጭም ነው። ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ የከተማዋ እንቅስቃሴ እየሰፋ መጥቷል። የባህል መጠጥን በቅል ከመሸጥ አልፎ በጠርሙስ አሽጎ ለተጓዥና ለሱቅ ማቅረብ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም ምላሽ የሚሻ ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ቦርዴን ማጥለልና በጠርሙስ ማሸግ ከሌሎቹ የጠመቃ ደረጃዎች የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ምክንያቱም ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መጠጡ ከተጠለለ በኋላ ተመልሶ እሳት አይነካውም፤ በማጥለል ጊዜ የገባ ብክለት በቀጥታ ወደ ጠጪው ይደርሳል። ሁለተኛ፣ መጠጡ ከታሸገ በኋላም መፍላቱን አያቆምም፤ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን አደጋዎች መነሻና መከላከያቸውን ያብራራል።

የቦርዴ አጠማመቅ ባሕርይ

ቦርዴ ከበቆሎ፣ ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከጤፍ፣ አለዚያም ከእነዚህ ቅልቅል ይዘጋጃል። የአካባቢው ምርት በቆሎ በመሆኑ በወላይታ ቤቶች በቆሎ ዋነኛው ግብዓት ነው። ከጥሬ እህሉ ጎን ለጎን ብቅል የግድ ያስፈልጋል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን ወደ አሲድ፣ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ለቦርዴ ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕም እንዲሁም ለአረፋው መነሻው ይኸው ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ የቦርዴን አጠማመቅ ያጠኑት ከበደ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ ሂደቱ በየደረጃው የሚከናወን መሆኑን አሳይተዋል። በመጀመሪያ የተፈጨው እህል በውሃ ተለውሶ ይቦካና በምጣድ ታምሶ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ከብቅልና ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ጥንስሱ ይዘጋጃል። በመቀጠል የቀዘቀዘ ገንፎና ተጨማሪ ብቅል ይገባበታል። በመጨረሻም ድብልቁ እርጥብ እንዳለ ይፈጭና በወንፊት ይጠለላል። ከተጠለለ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆይ አረፋ ያወጣና ለመጠጥ ይደርሳል። ሥራው ሲጠቃለል ቀናትን የሚወስድ ቢሆንም መጠጡ በጥሩ ጣዕሙ የሚቆየው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅግ ይኮመጥጣል።

ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ጠቃሚ ነገር መረዳት ይቻላል። እንኩሮው በምጣድ ታምሷል፤ ገንፎውም በእሳት በስሏል። መጨረሻ የሚገባው ብቅል፣ መፍጫው፣ ማቅጠኛው ውሃ፣ ወንፊቱ፣ የጠማቂዋ እጅና ማጠራቀሚያው ዕቃ ግን ከእሳት በኋላ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ የቦርዴ ንጽሕና የሚለካው በእነዚህ ነው።

የመጠጡ አሲዳማነት ምን ያህል ይጠብቃል?

በሚገባ የቦካ ቦርዴ አሲዳማ ነው፤ የፒኤች መጠኑ 4 አካባቢ ይደርሳል። ይህም ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያግዳል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ለዘመናት የባህል ምግቦቻችንን ከብልሽት ሲጠብቁ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ አሲዱ የንጹሕ ውሃን ቦታ ሊተካ አይችልም። ተሕዋስያን በአሲድ ውስጥ እንዳይራቡ መታገዳቸው ሁሉም ወዲያውኑ ይሞታሉ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ የኢ.ኮላይ ዝርያዎች በአሲዳማ መጠጥ ውስጥም ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት መቆየት ይችላሉ። ቦርዴ ደግሞ ከተጠለለ በሰዓታት ውስጥ የሚጠጣ በመሆኑ በመጨረሻ ሰዓት የገባ ብክለት ለመዳከም ጊዜ አያገኝም። ለማቅጠን በብዛት ውሃ ሲጨመር አሲዱ ራሱ እንደሚሳሳም መዘንጋት የለበትም። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተለያዩ አካባቢዎች የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ ያልታከመ ውሃ የሚያስከትለውን ጉዳት በተግባር ያሳየ ነው።

ወንፊት የሚያስቀረውና የማያስቀረው

ማጥለል ገለባውንና ያልተፈጨውን እህል ለይቶ በማስቀረት መጠጡን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ተረፈ ምርቱም ለከብት መኖ ይውላል። ነገር ግን ወንፊት መጠጡን ከተሕዋስያን አያጠራም። የአንድ እርሾ ሕዋስ ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ሲሆን አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ባክቴሪያዎች ከዚህም ያነሱ ናቸው። ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ለእነዚህ ሕዋሳት የተከፈተ በር ነው። የጥጥ ጨርቅም ቢሆን አያግዳቸውም። ስለዚህ ጥሩ ተደርጎ የተጠለለና የጠራ መጠጥ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ወይም መፍላቱን አቁሟል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ወንፊት የማያስቀረው ሌላው ነገር የሻገተ እህል መርዝ ነው። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች፣ ብቅልም በእርጥበት ሲቆይ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በማፍላትም ሆነ በማጥለል አይወገድም። ብቸኛው መፍትሔ የሻገተ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው እህልና ብቅል ከመጀመሪያው አለመጠቀም ነው።

በማጥለል ጊዜ መደረግ ያለበት

የሚከተሉት ተግባራት በማንኛውም ቤት ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

1. ማቅጠኛውን ውሃ አስቀድሞ ማፍላት። ወላይታ ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 እና በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው። ስለዚህ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ማድረግ ይገባል። ከዚያም በተከደነ ዕቃ ቀዝቅዞ ጥቅም ላይ ይውላል። በክሎሪን የታከመ ውሃ ለመጠጥ ተገቢ ቢሆንም ከፍተኛ ክሎሪን እርሾውን ሊያዳክም ስለሚችል ለቦርዴ የፈላ ውሃ ይመረጣል።

2. ዕቃን ማጠብና ማከም። ወንፊት፣ ማማሰያ፣ ባልዲና ማጠራቀሚያ በሳሙናና በውሃ ከታጠቡ በኋላ በበረኪና ውሃ ይታከማሉ። ይዘቱ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር ውሃ በቂ ነው። ዕቃው በዚህ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይቶ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያም ተደፍቶ ይደርቃል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

3. እጅን መታጠብና እጅን መተካት። ድብልቁን በወንፊት ላይ በባዶ እጅ ማሸት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በንጹሕ ማማሰያ መግፋት ይመረጣል። በእጅ መሥራት የግድ ከሆነ እስከ ክርን ድረስ በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍርን ማሳጠርና ቀለበትን ማውለቅ ያስፈልጋል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም በእጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰው በዚህ ሥራ መሳተፍ የለበትም።

4. ሁለት ጊዜ ማጥለል። መጀመሪያ በሰፊ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በጠባብ ቀዳዳ ወንፊት ማጥለል ዝቃጩን ይቀንሳል። ይህ ለጠርሙስ በተለይ ጠቃሚ ነው። ዝቃጩ ውስጥ ያለው ስታርች በብቅሉ ኢንዛይሞች አማካይነት ወደ ስኳር መለወጡን ስለሚቀጥል ለተጨማሪ ጋዝ መነሻ ይሆናል።

5. ተስማሚ ማጠራቀሚያ መምረጥ። አሲዳማ መጠጥ ከመዳብ፣ ከአሉሚኒየምና ከዝገት የተላላጠ ቆርቆሮ ብረቱን ስለሚያሟሟ በእነዚህ ዕቃዎች ማሳደር አይገባም። ፀረ ተባይ፣ ነዳጅ ወይም ማንኛውም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ሊውል አይችልም። በወይራ ጭስ ማጠን መዓዛን ያሳምራል እንጂ የዕቃ ማጠብን አይተካም።

ጠርሙስ ለምን ይፈነዳል?

እርሾ ስኳርን ሲጠቀም የስኳሩን ግማሽ ያህል ክብደት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም 4 ግራም ያህል፣ 2 ግራም ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ በነፃ አየር ላይ ቢለቀቅ አንድ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። እንግዲህ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሳይፈላ ቀርቶ ቢታሸግ አምስት ሊትር የሚያህል ጋዝ በጠባቡ ጠርሙስ ውስጥ ይታመቃል ማለት ነው። ቦርዴ ደግሞ ስኳሩን ከስታርች እየፈጠረ የሚቀጥል በመሆኑ ምን ያህል ጋዝ እንደሚያወጣ አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል።

ግፊቱ ከጠርሙሱ አቅም ሲያልፍ መስታወቱ በስብርባሪ ይበተናል። ጉዳቱ በተለይ በዓይንና በፊት ላይ ይከፋል። ሙቀት ሲጨምር መፍላቱ ስለሚፈጥን አደጋውም ያድጋል። በዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ቤት ያለችግር ያደረ ጠርሙስ ወደ ሞቃታማው የሁምቦ ቆላ ሲጓዝ ወይም በተሽከርካሪ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ አደጋ የቦርዴ ብቻ አይደለም። ማሩ ሙሉ በሙሉ ሳይፈላ የታሸገ ጠጅም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። በከተሞች እየታወቀ የመጣው ኮምቡቻም እንዲሁ ነው። ኮምቡቻ በስኳር የጣፈጠ ሻይ በእርሾና በባክቴሪያ አማካይነት ፈልቶ የሚዘጋጅ መጠጥ ሲሆን ከተጠለለ በኋላ ፍራፍሬ ወይም ስኳር ተጨምሮበት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ጋዙ ይበረታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው የማሸግ ጥንቃቄ ለሦስቱም ያገለግላል።

በጠርሙስ ሲሞላ መደረግ ያለበት

• የጠርሙስ ምርጫ፦ ስንጥቅ ወይም የተሸረፈ አፍ ያለው ጠርሙስ አይያዝ። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው ስስ የውሃ ፕላስቲክ ጋዝ ለመያዝ አልተሠራም። ለአጭር ጊዜ ከተፈለገ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል፤ ግፊት ለመቋቋም የተሠራ ከመሆኑም በላይ በጣት ሲጫኑት መጠንከሩ ጋዙ መብዛቱን ያሳውቃል።

• ጠርሙስን ማከም፦ የመስታወት ጠርሙስ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ከተደረገ በኋላ በሶዶ ከፍታ ለ20 ደቂቃ ቢፈላ ይበቃዋል። ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ስለሚጣመም ከላይ በተገለጸው የበረኪና ውሃ ይታከማል።

• አሞላል፦ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም፤ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተውለታል። መጠጡ ገና በኃይል አረፋ እያወጣ ከሆነ ክዳኑ አይጠብቅም፤ ጋዙ እንዲወጣ ላላ ተደርጎ ይከደናል።

• አቀማመጥ፦ ጠርሙሶች ክዳን ባለው ሳጥን ወይም ካርቶን ውስጥ፣ ከሰው መተላለፊያና ከሕፃናት ርቀው፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣሉ። ማቀዝቀዣ ካለ እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዝ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ ጨርሶ ግን አያቆመውም።

• ጽሑፍ፦ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የተጠለለበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ቦርዴ በዕለቱ ቢያልቅ ይመረጣል።

• አከፋፈት፦ ያበጠ ወይም የጠነከረ ጠርሙስ ሲገኝ አለመነቅነቅ፣ ፊትን ማዞርና በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ክዳኑን ቀስ በቀስ ማላላት ያስፈልጋል። መስታወት ከሆነ ከመንካት በፊት ባለበት እንዲቀዘቅዝ መተው ይመረጣል።

የታሸገ ጠርሙስን በቤት ውስጥ በእሳት ላይ ጥዶ «ለማምከን» መሞከር ራሱ ፍንዳታ ስለሚያስከትል መወገድ አለበት።

ከቅል ወደ ገበያ ጠርሙስ

ለሽያጭ በብዛት ማሸግ ሌላ ደረጃ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ከማሽላና ከበቆሎ የሚዘጋጀው ቺቡኩ የተባለ መጠጥ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ይህ መጠጥ በፋብሪካ ተመርቶ በወረቀት ካርቶን ሲሸጥ ቆይቷል፤ ነገር ግን በካርቶኑ ውስጥ መፍላቱን ስለሚቀጥል ዕድሜው ከጥቂት ቀናት አያልፍም። ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀረበው ቺቡኩ ሱፐር ግን በሙቀት ታክሞ እርሾው እንዲሞት የተደረገ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕያው መጠጥ በአጭር ጊዜ ይሸጣል፣ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መጠጥ ደግሞ በቁጥጥር ሥር በሙቀት ይታከማል። ሕያው መጠጥን አጥብቆ አሽጎ ለሳምንታት ማቆየት ግን ከሁለቱም ያልሆነ አደገኛ መንገድ ነው።

ቦርዴን በሙቀት ማከም የራሱ ፈተናዎች አሉት። መጠጡ ስታርች ስላለበት ሲሞቅ ይወፍራል፤ ጣዕሙም ይለወጣል፤ ሰዎች የሚፈልጉት አረፋም ይጠፋል። እነዚህን ለመፍታት ሙቀትና ጊዜን በትክክል የሚለካ መሣሪያና የሙያ ዕውቀት ይጠይቃል። የአገራችን ተመራማሪዎች በዚህ መስክ መሠረት ጥለዋል። ሞገሴ አሸናፊና ተትምቀ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ1995 የቦርዴንና የሻሜታን የማይክሮባዮሎጂና የሥነ ምግብ ባሕርይ መርምረው አሳትመዋል። እንደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የአካባቢው ተቋማት ይህን ዕውቀት ከጠማቂዎች ልምድ ጋር ለማገናኘት ተስማሚ ቦታ ላይ ናቸው።

ምግብና መጠጥን አምርቶ ለገበያ የማቅረብ ሥራ የሚመራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የታሸገ መጠጥ ወደ ንግድ ለማስገባት የሚያስቡ ማኅበራትና ግለሰቦች መሣሪያ ከመግዛታቸውና ጠርሙስ ከማዘዛቸው በፊት ወደ ከተማቸው ወይም ወደ ወረዳቸው ጤና ጽሕፈት ቤት ቀርበው ስለ ብቃት ማረጋገጫና ስለ ገላጭ ጽሑፍ መረጃ ቢጠይቁ ካላስፈላጊ ወጪ ይድናሉ።

ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት

ቦርዴ የአልኮል መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ በብዙ ቤቶች እንደ ምግብ ይቆጠራል፤ የወለደች እናትም ወተቷ እንዲበዛ ይሰጣታል። ይሁንና አነስተኛ ቢሆንም አልኮል አለው፤ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይም መጠኑ ሊጨምር ይችላል። ለፅንስ ጉዳት እንደሌለው የተረጋገጠ የአልኮል መጠን ስለሌለ ነፍሰ ጡር እናቶች እንዳይጠጡት ይመከራል። ለሕፃናትም መሰጠት የለበትም። በሽታን የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በሙቀት ያልታከሙ የፈሉ መጠጦችን ከመጠጣታቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

የባህል መጠጥን መንከባከብ

የወላይታ ሕዝብ በመስከረም ወር ዘመን መለወጫውን ጊፋታን ሲያከብር የቤት ጠመቃ ከማዕዱ አይለይም። በበዓል ሰሞን በብዛት ይጠመቃል፤ ብዙ እጅም በሥራው ይሳተፋል። በመሆኑም ጥንቃቄው ከወትሮው ሊጠነክር የሚገባው በዚህ ወቅት ነው። ጠማቂ ሴቶች ብቅልን በሽታው፣ ጥንስስን በድምፁ የሚለዩበት ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ሀብት ነው። የፈላ ውሃ፣ የታከመ ወንፊት፣ ላላ ያለ ክዳንና በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ቀን ሲጨመሩበት ይህ ሀብት ለጠጪውም ለጠማቂዋም አስተማማኝ ይሆናል።

ቦርዴ፣ ጠጅ ወይም ሌላ የቤት መጠጥ ከጠጡ በኋላ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የዓይን ብዥታ የታየበት ማንኛውም ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ከተቻለ የመጠጡን ቅሪት ይዞ መቅረቡ ምርመራውን ያግዛል። ውሃን ስለ ማከም፣ የበረኪና መጠንን ስለ መለካትና የዕቃ ንጽሕናን ስለ መጠበቅ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ቤተሰቦች በየቀበሌው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ።